ስልክዎ ሳይደወል ሲጮኽ

ከዲላ ተነሥተው ወደ ቡሌ የሚወስደውን ዳገት ወጥተው ያውቃሉ? ካልወጡ በሐሳብዎ ይከተሉኝ። ከታች ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ተጠልሎ፣ በመካከሉም እንሰቱ ቅጠሉን ዘርግቶ ይታያል። መንገዱ ከፍ ባለ ቁጥር ቡናው እየሳሳ ይቀርና እንሰቱ ቦታውን ይወርሳል፤ ከዚያም ገብሱ፣ ቀርከሃው፣ ጉሙና ብርዱ ይመጣሉ። ጋቢ ያልያዘ መንገደኛ የሚጸጸተው እዚህ ላይ ነው። ቤቶቹ በዳገቱ ጎን አንዱ ከሌላው በላይ ስለ ተሠሩ፣ ከላይኛው ቤት ደጅ የቆመ ሰው የታችኛውን ጎረቤቱን ጣሪያ ቁልቁል ያየዋል።

የጌዴኦ ሕዝብ ይህን ተዳፋት ምድር ለብዙ ዘመን ይዞት የኖረው ዛፍ፣ ቡናና እንሰት አደባልቆ በመትከል ነው። ሥሩ አፈሩን ጨምድዶ ይይዛል፤ ቅጠሉ የዝናቡን በትር ያበርዳል። ይህም ብልኀት በዓለም ዘንድ ታውቆ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ተጻፈ። የሆነ ሆኖ ዳገት ምን ጊዜም ዳገት ነው። ሕዝቡ እየበዛ፣ እርሻውም ወደ ገደሉ አፍ እየተጠጋ ሲሄድ፣ ዝናብ የጠገበ አፈር አንድ ቀን ከአለቱ ላይ ተንሸራትቶ ይወርዳል ብሎ መስጋት ሟርት አይደለም።

በዚያው ዓመት የሆነውን እናስታውስ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጧት፣ እንደ ጌዴኦ ሁሉ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በሚገኘው በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለው ቀበሌ፣ ከብርቱ ዝናብ በኋላ የተራራው ጎን ተደረመሰና ጥቂት ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ቀበረ። ጩኸት ተሰማ። ጩኸት ሲሰማ መሮጥ የአገራችን ሰው ልማድ ነውና ጎረቤቱ ሁሉ አካፋና ዶማ ይዞ፣ ያልያዘውም በባዶ እጁ መጣ። ከመጡት መካከል የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ሠራተኞች ነበሩ። ሰዎቹ በቁፋሮ ላይ ሳሉ ከላይ ቀርቶ የነበረው አፈር ሁለተኛ ጊዜ ወረደ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሌላውን ሊያድኑ የመጡ ነበሩ።

ይህን ባስታወስሁ ቁጥር የሚከነክነኝ ነገር አለ። በመጀመሪያው ናዳና በሁለተኛው መካከል ጥቂት ጊዜ ነበር። ከተሰበሰቡትም ሰዎች የብዙዎቹ ኪስ ስልክ ሳይኖርበት አይቀርም። በዚያች ሰዓት ስልኩ ሁሉ በአንድነት ጮኾ «ከዚያ ውጡ፤ ገና ይወርዳል» ቢል ኖሮስ? ይህ ተረት አይደለም፤ በብዙ አገር የሚሠራበት ነገር ነው። እንዴት እንደሚሠራና በየት በኩል እንደሚሰናከል ላጫውትዎ።

ደብዳቤና ነጋሪት

ስልክ ለብዙ ሰው ቃል የሚያደርስበት መንገድ ሁለት ነው። የመጀመሪያው በየቀኑ የሚያውቁት አጭር የጽሑፍ መልእክት ነው። ይህ የፖስታ ሥራ ነው ብለው ያስቡት። እያንዳንዱ መልእክት አድራሻ፣ ይኸውም የስልክ ቁጥር፣ ሊኖረው ግድ ነው። ለመቶ ሺህ ሰው አንድ ቃል ለመናገር የፈለገ መሥሪያ ቤት መቶ ሺህ ጊዜ መላክ አለበት፤ መልእክቶቹም እንደ ደመወዝ ቀን ተሰላፊ ተራ በተራ ይወጣሉ። በአደጋ ቀን ደግሞ ሰው ሁሉ ዘመዱን ለመጠየቅ ስልኩን ስለሚያነሣ ሰልፉ ይብስበታል። እርስዎም አንዳንድ ጊዜ በበዓል ዋዜማ የላኩት የእንኳን አደረሰዎ መልእክት በማግሥቱ ደርሶ አይተው ይሆናል። እንኳን አደረሰዎ ቢዘገይ አይጎዳም፤ «ውጡ» የሚለው ቃል ግን ቢዘገይ ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው መንገድ ሴል ብሮድካስት ይባላል፤ የማማ ዐዋጅ ብንለው ያስኬዳል። በጥንት ጊዜ ዐዋጅ ሲነገር ነጋሪት ይጎሰም ነበር። ጎሳሚው የገበያተኛውን ስም ዝርዝር አይጠይቅም፤ ማን ከየት እንደ መጣ አይመረምርም፤ ድምፁ የደረሰው ሁሉ ይሰማል፤ በቃ። (ሕጎቻችን ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተሙበት ጋዜጣ ነጋሪት ጋዜጣ መባሉ ከዚሁ የመጣ ነው።) የማማ ዐዋጅም እንዲሁ ነው። ከማእከሉ አንድ መልእክት ለተመረጡ የስልክ ማማዎች ይላካል፤ ማማዎቹም በሬዲዮ ሞገድ ለአካባቢያቸው ሁሉ ያሰሙታል። በዚያ ክልል ያለ የበራ ስልክ ሁሉ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ይቀበለዋል። የሚሰማው ስልክ አንድ ሺህ ቢሆን ወይም አንድ ሚሊዮን፣ ለማማው ድካሙ አንድ ነው። ቁጥር አይጠይቅም፤ ካርድዎ አልቆ ሒሳብዎ ዜሮ ቢሆንም ግድ የለውም፤ ኢንተርኔት በተቋረጠበት ቀንም ይሠራል። ማን እንደ ሰማውም መዝግቦ አይይዝም፤ ስለዚህ «መንግሥት ያለሁበትን አወቀብኝ» የሚያሰኝ ነገር የለበትም።

ማማው መልእክቱን ለተወሰነ ጊዜ ደጋግሞ ያሰማል። ስልኩ ግን የመልእክቱን ተራ ቁጥር ስለሚለይ ለአንዱ ነገር ሁለት ጊዜ አይጮኽም፤ ዘግይቶ ከሌላ ወረዳ የመጣ መንገደኛ ክልሉ ውስጥ ሲገባ ግን ይደርሰዋል። ድምፁም እንደ ተራ ጥሪ አይደለም። የስልክዎ ድምፅ ተዘግቶ እንኳ ቢሆን በብርቱ ይጮኻል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ጽሑፉም ሌላውን ሁሉ ሸፍኖ በፊቱ ላይ ይወጣል።

ይህ ጥበብ እ.ኤ.አ. በ1997 በፓሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙከራ ታየ። ጃፓኖች ከ2007 ጀምሮ ለመሬት መንቀጥቀጥ ተጠቀሙበት፤ መሬቱ ከተናወጠበት ሥፍራ የሚነሣው ብርቱ ሞገድ ከተማ እስኪደርስ ያሉትን ጥቂት ሴኮንዶች ለማትረፍ ነው። በ2012 አሜሪካና ሆላንድ ያዙት፤ እንግሊዝም በ2023 በመላው አገሯ ስልኩን ሁሉ በአንድ ሰዓት አስጩኻ ፈተነችው።

ይህን ካልሁ በኋላ የዳገቱን ነገር መርሳት የለብንም። አንድ ማማ በተለመደው የስልክ ሥርዓት ቢበዛ እስከ 35 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል ይባላል። ነገር ግን ይህ በሜዳ ነው። ሞገዱ ሸንተረር አያልፍም። ኔትወርክ ፍለጋ ከቤቱ ወጥቶ ጉብታ ላይ የቆመ የቡሌ ሰው ሁሉ ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። ማማውም መብራት ይፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪና በጄነሬተር ይቆያል እንጂ ለዘለዓለም አይቆይም። ዝናብ ሲበረታ መብራት የሚጠፋበት አገር ነዋሪ ይህንንም ያውቀዋል።

ሰባ ፊደል

አሁን ደግሞ ለጸሐፊዎች፣ ይልቁንም በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ለሚያረቅቁ ወጣት አንባቢዎቼ የምለው አለኝ። አንድ አጭር የስልክ መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ምልክት ይይዛል። በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው፤ ምክንያቱም የእኛን ፊደል ለመቁጠር ስልኩ ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚፈልግ ነው። በማማ ዐዋጅ ደግሞ አንዱ ገጽ በላቲን 93፣ በእኛ 40 ያህል ይይዛል፤ እስከ 15 ገጽ መቀጠል ይቻላል። የጌዴኦ ቋንቋ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ በዚህ ረገድ ከአማርኛው ይልቅ ቦታ አለው። ስልኩ ብዙ መልእክት ገጣጥሞ እንደ አንድ ሊያሳይ ይችላል፤ ሆኖም እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ስለሚጓዝ ጭነቱ ይበዛል፤ በፍርሃት ላይ ያለ ሰውም ረጅም ጽሑፍ አያነብም።

እንግዲህ የለመድነውን የቢሮ አጻጻፍ እንለካው። «ጉዳዩ፦ ሊከሰት ስለሚችል የመሬት መንሸራተት አደጋ ማሳወቅን ይመለከታል»። ቈጥሬዋለሁ፤ ከነክፍት ቦታው 44 ነው። ከ70ው ላይ 44 ሄዶ እስካሁን ለሰውየው የተነገረው ነገር የለም! «ከላይ በርእሱ እንደ ተገለጸው» ብለን ስንጀምር መልእክቱ ያልቃል፤ ዳገቱም ይወርዳል።

በዚህ ፈንታ እንዲህ ቢጻፍስ? «ናዳ አለ። ከገደሉ ሥር ያላችሁ አሁኑኑ ወደ ጎን ውጡ። ለቁፋሮ አትሰብሰቡ፤ ገና ይወርዳል።» ይህ 57 ነው። የቀሩት 13 ለቀበሌው ስም ይበቃሉ። ምን እንደ ሆነ፣ የት እንደ ሆነ፣ ምን መደረግ እንዳለበት ተነግሯል። ሰላምታ፣ ማኅተምና «ለመረጃ ይሆን ዘንድ» የሚለው ግልባጭ ቀርቷል። አንባቢዬ፣ ይህን ዐይነት ዐረፍተ ነገር መጻፍ ከባድ ነው፤ ናዳ በወረደበት ሰዓት ተቀምጦ መጻፍ ደግሞ አይቻልም ማለት ይቀላል። ስለዚህ በብዙ አገር ቃሉ አስቀድሞ ተጽፎ፣ በየቋንቋው ተተርጕሞ፣ የቦታው ስምና ሰዓቱ ብቻ እስኪገባበት ድረስ በመሳቢያ ይቀመጣል።

መልእክቱ በረረ፤ ጠረጴዛው ግን

ማማው የሚፈጀው ሴኮንድ ነው። ጊዜው የሚጠፋው ከማማው በፊት፣ በጠረጴዛ ላይ ነው። ለዚህ ከስፔን የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በቫሌንሲያ አውራጃ ታላቅ ጎርፍ ሆነ። የአገሩ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ከፍተኛውን ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣው በማለዳ ነበር። የሕዝቡ ስልክ የጮኸው ግን በእኛ አቈጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት በብዙ መንደር ውሃው ቤት ገብቶ፣ መኪናም ይዞ ሄዶ ነበር። ከ220 በላይ ሰዎች ሞቱ። ስልክ ነበር፤ ማማ ነበር፤ የአየር ጠባይ ዐዋቂውም ተናግሮ ነበር። የጎደለው «ላክ» የሚለው ሰው ነበር። ሕዝቡም በአደባባይ ወጥቶ የጠየቀው ስለዚህ ሰዓት ነው።

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ በሐዋይ ደሴቶች ሆኗል። ጥር 5 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ከጧቱ 2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ሲሆን፣ በደሴቶቹ ያለ ስልክ ሁሉ ጮኾ ሚሳኤል እየመጣ ነው፣ ተሸሸጉ፣ ይህ ልምምድ አይደለም አለ። ሰው ልጆቹን ይዞ ወደ ምድር ቤት ሮጠ። ነገሩ ስሕተት ነበር፤ በተረኛ ለውጥ ሰዓት በተደረገ ልምምድ አንድ ሠራተኛ እውነተኛውን መልእክት ልኮት ነበር። ማረሚያው በዚያው በስልኩ የተላከው ከ38 ደቂቃ በኋላ ነው። የደሴቶቹ ገዢ ስሕተትነቱን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሰምተው ሳለ፣ ለሕዝብ ለመናገር ወደ ትዊተር የሚገቡበትን የምስጢር ቃል እንደማያውቁት ኋላ ራሳቸው ተናግረዋል። ይህ ያስቃል፤ ነገር ግን የእኛስ ቁልፍ ያዥ በእሑድ ቀን የት ይገኛል?

ስለዚህ ሁለት ዐይነት ስሕተት አለ፤ መዘግየትና ያለ ነገሩ መጮኽ። ባለሥልጣን በተፈጥሮው ሁለተኛውን ይበልጥ ይፈራል፤ ያለ ነገሩ ያስጮኸ ሰው ስሙ ይነሣልና፤ ያዘገየ ግን «ሁኔታውን በማጣራት ላይ ነበርን» ይላል። በእኔ ግምት ለዳገት አገር መዘግየቱ ይብሳል። ሰው በከንቱ አንድ ሌሊት ከቤቱ ወጥቶ ቢያድር ብርድ ይመታው ይሆናል እንጂ አይቀበርም።

በአገራችን የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ የተወለደው ከረሃብ ነው። የወሎ ረሃብ ካስከተለው እልቂት በኋላ በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ዛሬ የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን የሚባለውም የዚሁ ዘር ነው። ረሃብ የሚመጣው በወራት ነው። ዝናቡ ሲቀር፣ ከብቱ ሲከሳ፣ የእህል ዋጋ ሲወደድ እየታየ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ አዲስ አበባ በወረቀት ይነገራል። ለእንዲህ ያለው አደጋ ይህ ሰንሰለት ደኅና ነው። ናዳ ግን በደቂቃ ነው የሚመጣው። ያንኑ ሰንሰለት ተከትሎ ከቡሌ ተነሥቶ አዲስ አበባ የደረሰ ወሬ ተመልሶ ቡሌ እስኪወርድ ድረስ ማን ይጠብቀዋል? «ላክ» የማለት ሥልጣን ለአደጋው የቀረበ ሰው እጅ ካልሆነ፣ ማማው የቱንም ያህል ቢፈጥን ጥቅሙ ጥቂት ነው።

ስልክን ለሕዝብ ማሳሰቢያ መጠቀም ለእኛ እንግዳ እንዳልሆነም ልብ ይበሉ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ገበሬ በ8028 በነጻ እየደወለ የእርሻ ምክር ይሰማል፤ የስንዴ ዋግ ሲነሣም በዚሁ መንገድ ማስጠንቀቂያ ይላክ ነበር። የኮሮና ወረርሽኝ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወደ አገራችን በገባ ጊዜም፣ ሰው ሲደውል ከጥሪው ድምፅ ፈንታ እጅዎን ይታጠቡ የሚል ምክር ይሰማ ነበር። በዚያን ጊዜ የተሰለቸንበት ያ ድምፅ ለመንገዱ መከፈት ምስክር ነው። የሚያሳስበኝ ሌላው ነው፤ ዛሬ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር የያዘ መልእክት ሲገባ ብዙ ሰው ሳያነበው ይሰርዘዋል። ዕጣ ደረሰዎ፣ ዘፈን ይግዙ፣ ጥቅል ይሙሉ ሲባል የዋለ ስልክ «ውጡ» ቢል ማን ያምነዋል? የማማ ዐዋጅ የተለየ ጩኸት የተሰጠው ለዚህም ነው፤ ያ ጩኸት ለዕጣ ሽያጭ ከዋለ ቀን ጀምሮ ግን ዋጋው ይጠፋል።

ከስልኩ እስከ ሰዉ

በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ከ80 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። ይህ ብዙ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ሁለት ቁጥር ይይዛል፤ በሌላው ቤት ደግሞ አንዱን ስልክ አባት ይዞት ገበያ ይሄዳል፤ እናትና ልጆች ከዳገቱ ሥር ይቀራሉ። ስለዚህ የማማው ዐዋጅ ከስልኩ ወጥቶ በእግርና በአፍ የሚሄድበት የመጨረሻ መንገድ አለ።

ይህን ከሁሉ ይልቅ ያወቁት የባንግላዴሽ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970 በባሕር ዐውሎ ነፋስ ከ300 ሺህ በላይ ሰዎች እንደ ሞቱባቸው ይገመታል። ከዚያ በኋላ በየመንደሩ ፈቃደኛ ሰዎችን አደራጁ፤ ዛሬ ቁጥራቸው ከ70 ሺህ በላይ ነው። ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ባንዲራ ይሰቅላሉ፣ በድምፅ ማጉያ ይጮኻሉ፣ የሽማግሌዎችን በር ያንኳኳሉ፣ ሰዉን ወደ ተሠሩት መጠለያዎች ይመራሉ። ዐውሎ ነፋሱ ዛሬም ይመጣል፤ የሟቹ ቁጥር ግን ካለፈው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

እኛስ ዘንድ ማን አለ? ዕድር ጡሩንባ ነፊ አለው፤ ቤተ ክርስቲያን ደወል አላት፤ መስጊዱ ድምፅ ማጉያ አለው። በጌዴኦ ደግሞ ሶንጎ አለ፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት፣ ቃላቸውም የሚከበርበት ሥፍራ። ከማያውቁት ቁጥር በመጣ ጽሑፍ ቤቱን ትቶ የማይወጣ ሰው፣ ከሶንጎ የተላከ ልጅ «አባቶች ውጡ ብለዋል» ቢለው ይወጣል። ስለዚህ የስልኩን መልእክት መጀመሪያ መስማት ያለባቸው እነማን እንደ ሆኑ፣ ከእነርሱም ማን ወደ የትኛው ዳገት እንደሚሮጥ ዝናብ ሳይመጣ ተነጋግሮ መወሰን ይቻላል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ስልኩ እስኪጮኽ የማይጠበቅበትም ጊዜ አለ፤ ዳገቱ ራሱ አስቀድሞ ይናገራልና። በቤትዎ በላይ በኩል በመሬቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ካዩ፣ ቀጥ ብሎ የነበረ ዛፍ ወይም አጥር ካዘመመ፣ በሩ ያለ ምክንያት አልዘጋ ካለ፣ ምንጭ ካልነበረበት ውሃ ከፈለቀ ወይም ጥሩው ምንጭ በድንገት ከደፈረሰ፣ በዚያ ቤት አይደሩ። አንድ ጊዜ ናዳ ከወረደ በኋላም ከላይ የቀረው አፈር ድጋፉን አጥቶ ስለሚቆም፣ ከሥሩ ከመግባት በፊት ላይኛውን የሚመለከት አንድ ሰው በጎን በኩል ይቁም፤ እርሱ ሲጮኽ ሁሉም ይውጣ። ወገን ተቀብሮ ሳለ ይህን ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ።

የስልኩን ነገር ደግሞ ዛሬውኑ ማየት ይቻላል። ስልክዎ አዲስ ከሆነ በሴቲንጉ ውስጥ የአደጋ ጊዜ ማስጠንቀቂያ የሚል ክፍል ይገኝ ይሆናል፤ ተዘግቶ ካገኙት ይክፈቱት። ከሁሉ በላይ የሆነውን የማስጠንቀቂያ ደረጃ ብዙ ስልኮች እንዲዘጉት አይፈቅዱልዎትም፤ የእርሱ መስመር ቁጥር 4370 ነው። ባለ ቁልፍ ስልክ ከያዙ ግን በመልእክት ክፍሉ ውስጥ የስርጭት መልእክት የሚለውን ፈልገው ራስዎ መክፈት ሊያስፈልግዎ ይችላል፤ የአባትዎ ስልክ እንዲህ ያለ ከሆነ በዕረፍት ቀን ሲሄዱ ያዩላቸው።

ቻርጅ ለመቆጠብ ማታ ስልክ ማጥፋት በገጠር የተለመደ ነው፤ መብራት በሌለበት ቤት ማንም ሊወቅስ አይችልም። ነገር ግን የጠፋ ስልክ ነጋሪቱን አይሰማም። ዝናቡ በሚበረታበት ወር በአንድ ዳገት ጎን ያሉ አምስትና ስድስት ቤቶች ተነጋግረው በተራ አንድ ስልክ ሳያጠፉ ቢያድሩ፣ ተረኛውም ወደ እያንዳንዱ ደጅ የሚያደርሰውን መንገድ በጨለማ ለይቶ ቢያውቅ ይበቃል።